ስኳር ያለበት ሰው ቤቱ ውስጥ እንዴት ይኖራል?

ስኳር እንዳለበት የተነገረው ሰው ከሐኪም ቤት ይዞ የሚወጣው ምክር አጭር ነው። ጣፋጭ ተው፣ መድኃኒትህን አታቋርጥ፣ በሦስት ወር ተመለስ። በቃ። ሐኪሙም አይፈረድበትም፣ ደጁ ላይ ገና ብዙ ሰው ተሰልፏል። ችግሩ ሕመሙ የሚኖረው ቤት ውስጥ መሆኑ ነው። ራት ስንት ሰዓት ይበላል? መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኑ የት ይቀመጣል? ባለቤቱ "አፈር ስሆን!" ብላ እንጀራ ስትጨምር ምን ይባላል? ጾም ሲገባስ? ይሄ ሁሉ የሚወሰነው ቤት ነው።

ይህ ማብራሪያ በተለይ መርፌ ለሚወጉና አብረዋቸው ለሚኖሩ ሰዎች ነው። ክኒን የሚወስዱም አብዛኛው ይመለከታቸዋል። የመድኃኒት መጠን ግን ከጽሑፍ አይወሰድም። እሱን የሚያስተካክለው የሚከታተላችሁ ሐኪም ነው።

በሰውነት ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው?

የምንበላው እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታና ድንች ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ግሉኮስ ወደሚባል ስኳር ይለወጣል። ስኳሩ ደም ውስጥ ይገባል። ከደም ወጥቶ ጉልበት እንዲሆን ደግሞ ኢንሱሊን ያስፈልገዋል። ኢንሱሊን የሚሠራው ከጨጓራ ጀርባ ያለው ቆሽት ነው።

ዓይነት 1 በሚባለው ስኳር የሰውነት የራሱ መከላከያ ኢንሱሊን የሚሠሩትን የቆሽት ሕዋሳት ያጠፋቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት ወይም በወጣትነት ነው። ያለ መርፌ አይኖርም። ዓይነት 2 ላይ ኢንሱሊን አለ፣ ሰውነት ግን በደንብ አይታዘዝለትም። ብዙዎች ለዓመታት በክኒን ይቆያሉ፣ ከዚያ ቆሽት ሲደክም ወደ መርፌ ይሄዳሉ። ወደ መርፌ መሄድ የሞት ፍርድ አይደለም፣ የጥፋት ቅጣትም አይደለም። "መርፌ ከጀመርክ አለቀልህ" የሚባለው ወሬ ስንቱን ሰው ሕክምናውን እንዳዘገየበት!

ስኳር ደም ውስጥ ሲከማች ኩላሊት በሽንት ሊያስወጣው ይሞክራል። ውኃ ይዞ ስለሚወጣ ሽንት ይበዛል፣ ጥም ይበረታል፣ ክብደት ይቀንሳል። ድሮ ሽንት የፈሰሰበት ቦታ ጉንዳን ሲሰበሰብ የሚጠረጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት ዓይነት 1 የያዘው ልጅ ዕድሜው አጭር ነበር። በ1921 እ.ኤ.አ. በካናዳ ቶሮንቶ ተመራማሪዎች ኢንሱሊንን ከእንስሳት ቆሽት አወጡ። በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። ዛሬ በቀበሌ ጤና ጣቢያ ያለችው ብልቃጥ የመጣችው ከዚያ ነው።

ስኳር ስለበላሁ ነው የያዘኝ?

ዓይነት 1ን ስኳር መብላት አያመጣውም። ዓይነት 2 ላይ የዘር፣ የዕድሜ፣ የክብደትና የአኗኗር ድርሻ አለ። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ ስኳር እምብዛም አልነበረባቸውም። ከዓመታት የከተማ ኑሮ በኋላ ግን በመካከላቸው በብዛት ታየ። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ የተለወጠው እግር የሚሄድበት መንገድና ገበታ ላይ የሚቀርበው ነው።

ሰዓት ለምን ይህን ያህል ይጠበቃል?

ደህና ቆሽት እንጀራ እንደምትጋግር ጎበዝ ሴት ነው። ምጣዱ ሲግል እንጨቱን ሳብ ታደርጋለች፣ ሲበርድ ገፋ ታደርጋለች። ዓይኗ ከእሳቱ አይነሳም። በመርፌ የገባ ኢንሱሊን ግን አስቀድሞ የተማገደ እንጨት ነው። አንዴ ከገባ ወደ ኋላ አይሳብም። ሊጡ ቢዘገይም እሳቱ ይነዳል። ስለዚህ ምግቡ ኢንሱሊኑ ወደሚበረታበት ሰዓት መድረስ አለበት።

እኛ ጋ በብዛት የሚታዘዙት ሁለት ዓይነት ኢንሱሊኖች ናቸው። አንዱ ጥርት ያለ ነው። በግማሽ ሰዓት ይጀምራል፣ ከተወጋ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። ሌላው ደመናማ ወይም ነጭ ነው፣ ኤንፒኤች ይሉታል። ቀስ ብሎ ይነሳና ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። ሁለቱ ተቀላቅለው በአንድ ብልቃጥ የሚመጡም አሉ።

እስቲ እናስላው። ደመናማውን ማታ 12 ሰዓት የተወጋ ሰው ኢንሱሊኑ የሚበረታበት ከማታው 4 እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ድረስ ነው። እንቅልፍ ላይ ማለት ነው። ራት ሳይበላ ወይም ትንሽ ቀምሶ ከተኛ ስኳሩ ሌሊት ሊወርድ ይችላል። ጠዋት ራስ ምታት ይዞት፣ አንሶላው በላብ ርሶ ከተነሳ ይሄ መጠርጠር አለበት። ያኔ መጠኑን በራስ ከመቀነስ ሌሊት ተነስቶ አንድ ሁለት ቀን መለካትና ቁጥሩን ይዞ ሐኪም ጋ መሄድ ይሻላል።

ስለ አወጋጉም ትንሽ ልበል። ደመናማው ብልቃጥ አይናጥም፣ በሁለት መዳፍ መሐል ቀስ ተደርጎ ይንከባለላል። ሁለቱን በአንድ ሲሪንጅ የሚቀላቅል ሰው መጀመሪያ ጥርቱን፣ ቀጥሎ ደመናማውን ይስባል። የሚወጋበት ቦታ ይቀያየር፤ ሆድ፣ ጭን፣ ክንድ፣ መቀመጫ። አንድ ቦታ ብቻ ሲወጋ ከቆዳ ሥር እብጠት ይፈጠራል። ብዙዎች እዚያ ላይ ስለማያምማቸው ደጋግመው እዚያው ይወጋሉ። ከእብጠቱ ውስጥ ግን ኢንሱሊኑ እንደፈለገው ነው የሚወጣው። አንድ ቀን ይዘገያል፣ ሌላ ቀን ይፈጥናል። "ሁሉን እየጠበቅኩ ስኳሬ ለምን ይዘላል?" የሚል ሰው መጀመሪያ ሆዱን በእጁ ይዳብስ።

ስኳሬ ሲወርድ ምን ላድርግ?

ቤት ውስጥ በድንገት ከሚያጋጥመው ነገር ሁሉ አስፈሪው ይሄ ነው። በመለኪያ ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል ይባላል። ምልክቱ ላብ ማላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ድንገተኛ ረሃብ ነው። ከዚያ ንዴት፣ መደናበር፣ የተሳሰረ ንግግር ይመጣል። ከሩቅ ያየው ሰው ሰክሯል ሊል ይችላል። ብዙ ሰው መንገድ ላይ ወድቆ ያለፉት "ጠጥቶ ነው" ተብሎ ነው።

መፍትሔው ቀላልና ርካሽ ነው። 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በትንሽ ውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ። ለስላሳው ስኳር የሌለው ዓይነት እንዳይሆን። ከዚያ 15 ደቂቃ ይጠበቃል፣ ይለካል፣ ካልወጣ ይደገማል። ሲስተካከል ዳቦ ወይም እንጀራ ይበላል። ቸኮሌት ቅባት ስላለው ቀርፋፋ ነው፣ ለዚህ አይሆንም። መለኪያ ከሌለ ደግሞ ስሜቱን አምኖ መጠጣት ነው። ስኳር ለአንድ ሰዓት ከፍ ቢል አይጎዳም፣ መውረዱ ግን ጊዜ አይሰጥም።

ሰውየው ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አይጨመር። ትንታው ሊገድለው ይችላል። በጎኑ አስተኝቶ ቶሎ ወደ ቅርብ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ክኒን ከሚወስዱት ውስጥ ግሊቤንክላማይድ የሚባለው ስኳር ሊያወርድ ይችላል። ሜትፎርሚን ብቻውን ግን እምብዛም አያወርድም። አረቄና ጠላ በባዶ ሆድ ደግሞ ከሰዓታት በኋላ ያወርዳሉ፤ ጉበት አልኮሉን በማጣራት ተጠምዶ የሚገባውን ስኳር አይለቅም።

እዚህ ላይ አንድ የማይዋጥልኝ ነገር አለ። ስኳራቸውን የሚደብቁ ብዙ ናቸው። በተለይ ለትዳር የደረሱ ሴቶች፣ አዲስ ሥራ የገቡ ወጣቶች። ምክንያቱ ይገባኛል፣ ሰው ይፈርዳል። ግን አጠገባቸው ያለው ሰው ካላወቀ ስኳር በጥብጦ የሚያጠጣቸው የለም። ለሁሉም መንገር ባያስፈልግ፣ አንድ የሥራ ባልደረባ፣ አንድ ጎረቤት፣ ተማሪ ከሆነ አንድ አስተማሪ ይወቅ። ኪስ ውስጥም ከረሜላ አይጥፋ።

ፍሪጅ የለኝም፣ መብራትም ይጠፋል፤ ኢንሱሊኑስ?

ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል። የተከፈተው ግን ፍሪጅ አያስፈልገውም። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ ለ4 ሳምንት ያህል ይቆያል። ደጋ ላይ ለሚኖር ሰው ጥላ ያለው መደርደሪያ ይበቃዋል።

ቆላ ላይ የሸክላ ማሰሮ አለ። አንድ ትልቅ ማሰሮ፣ ውስጡ ትንሽ ማሰሮ፣ መሐላቸው እርጥብ አሸዋ። ብልቃጡ በፕላስቲክ ታስሮ ትንሿ ውስጥ ይገባና እርጥብ ጨርቅ ይደረብበታል። ውኃው እየተነነ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። የገንቦ ውኃ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ነው። ደረቅ አየር ባለበት አገር በደንብ ይሠራል፣ ወበቅ ባለበት ግን ያን ያህል አይደለም።

ይህን የሚያጠናክር ጥናትም አለ። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በኬንያ ዳጋሃሌ የስደተኞች ካምፕ ያለውን የቤት ውስጥ ሙቀት ለኩ። ቀን 37፣ ሌሊት 25 ዲግሪ አካባቢ ነበር። ያንኑ በቤተ ሙከራ ለ4 ሳምንት ደገሙት። ኢንሱሊኑ በቅዝቃዜ ከተቀመጠው ጋር ሲነጻጸር አቅሙ አልቀነሰም። ውጤቱ የወጣው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ ማለት መብራት ለአንድ ቀን ስለጠፋ ብልቃጥ አይጣልም ማለት ነው።

ከሙቀት ይልቅ ፈጥኖ የሚያበላሸው በረዶ ነው። ከፍሪዘሩ ሥር የተቀመጠ ብልቃጥ አንዴ በረዶ ከሠራ፣ ቢቀልጥም ይጣል። ጥርት ያለው ከደፈረሰ፣ ደመናማው ከተንከባለለ በኋላም ከተጓጎለ ወይም ብልቃጡ ግድግዳ ላይ ከተጋገረ እንዲሁ። በጉዞ ጊዜ ከእጅ ቦርሳ አይለይ። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከሻንጣ ጋር ከወጣ ፀሐይ ይጠብሰዋል።

አንድ ሒሳብ ደግሞ ይጠቅማል። 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 1000 ዩኒት ይይዛል። በቀን 40 ዩኒት የሚወጋ ሰው በ25 ቀን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ቀጠሮ በየሦስት ወሩ ከሆነ ከ3 ብልቃጥ ይልቅ 4 ቢይዝ ነው የሚያዋጣው። የጤና መድን ያላቸው መታወቂያቸው መታደሱን ቀድመው ይዩ። መድኃኒቱ ሲያልቅ መሯሯጥ ከግል ፋርማሲ በውድ መግዛትን ያመጣል።

ያገለገሉ መርፌዎች የሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ ተከድነው ይጠራቀሙና ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዱ። ቆሻሻ የሚያነሳው ልጅም እጅ አለው።

ምን ልብላ?

"ጤፍ ስኳር አያወጣም" የሚለው ሐሰት ነው። ጤፍ ከነጭ ዳቦ ይሻላል፣ ግን እንጀራ እንጀራ ነው፤ ሲፈጭ ስኳር ይሆናል። ማርም ስኳር ነው፣ ከዱር ቢመጣም። የጁስ ቤት ማንጎ ደግሞ ሦስት አራት ፍሬ በአንድ ብርጭቆ ስለሆነ ከለስላሳ ብዙም አይለይም። ፍሬውን መብላት ይሻላል።

ዋናው ጥያቄ ምን የሚለው ብቻ ሳይሆን ስንት የሚለው ነው። የእኛ ገበታ ደግሞ ለመቁጠር አይመችም። ከትሪ ላይ አብረን እየበላን፣ ጉርሻ እየተጎራረስን ስንት እንጀራ እንደበላን ማን ያውቃል? የሚሠራ ዘዴ አለ። ለራስ የሚሆነውን እንጀራ መጀመሪያ ጠቅልሎ ፊት ለፊት ማስቀመጥ፣ እሱ ሲያልቅ እጅን መሰብሰብ። ከትሪው ላይ እንደልብ የሚዘረጋው እጅ ወደ ጎመኑ፣ ወደ ምስሩ፣ ወደ ሰላጣው ይሁን። ቤተሰቡ ካወቀ ጉርሻውም በወጥ ይሆናል። ቡና ያለ ስኳር ለመልመድ ጥቂት ሳምንት ይፈጃል እንጂ ይለመዳል። ፈንዲሻ ስኳር ካልተነሰነሰበት ትንሽ መቅመስ አይከለከልም።

ለስኳር ሕመምተኛ ለብቻ ማብሰል አያስፈልግም። እሱ የሚበላው ለልጆቹም ይጠቅማል፤ እሱን ለብቻው "የበሽተኛ ምግብ" ማቅረብ ነው የሚያስከፋው።

መጾም እችላለሁ?

ከሥጋና ከወተት መታቀቡ ችግር የለውም። ሽሮና አትክልት እንዲያውም ይስማማል። አደጋው ሳይበሉ መዋሉ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ደመናማውን የተወጋ ሰው ኢንሱሊኑ የሚበረታው ከ5 እስከ 11 ሰዓት ነው። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ምግብ ካልቀመሰ ኢንሱሊኑ ባዶ ሆድ ያገኘዋል።

ሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው። ቁርኣን በሽተኛን ከረመዳን ጾም ነፃ ያደርጋል። በኦርቶዶክስም የንስሐ አባት ለታመመ ሰው ሰዓቱን ሊያቀልሉለት ይችላሉ። መጾም ይገባኛል የሚል ካለ ጾሙ ከመግባቱ ከአንድ ወር በፊት ሐኪሙን ያማክር፣ መጠኑና ሰዓቱ ተስተካክሎ ይጀምር። ብዙ የእስልምና ሊቃውንት ጣት ወግቶ መለካትም ሆነ ኢንሱሊን መወጋት ጾም አያፈርስም ይላሉ። ስኳሩ ከ70 ከወረደ ግን ሰዓት አይጠበቅም።

ጠበል ስሄድ ወይም ምግብ አልበላ ሲለኝ መርፌውን ልተው?

አይተውም። ዓይነት 1 ያለበት ሰው ምንም ባይበላ እንኳን ኢንሱሊን ያስፈልገዋል፤ መጠኑ ሊቀንስ ይችላል እንጂ ዜሮ አይሆንም። ኢንሱሊን ሲጠፋ ሰውነት ስብ ያቃጥላል፣ ደም ውስጥ አሲድ ይጠራቀማል። ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ፣ የበሰበሰ ፍራፍሬ የሚመስል የአፍ ሽታ ይከተላል። ይህ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ጉንፋን ሲይዝም ስኳር ብዙ ጊዜ ይወጣል፣ ወባ ሲይዝ ደግሞ ሊወርድም ይችላል፤ ያን ጊዜ ቶሎ ቶሎ መለካትና ውኃ መጠጣት ያስፈልጋል። የሚያስመልስ ሰው ቤት አይቀመጥ።

ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ በእንጦጦ ጠበል የሚጠመቁ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ለስኳርም ያው ነው። ጠበል የሚሄድ ሰው ኢንሱሊኑን፣ መለኪያውንና ስኳሩን ይዞ ይሂድ።

እግር ለምን ይፈተሻል?

ከፍ ያለ ስኳር በዓመታት የእግር ነርቮችን ያደነዝዛል። ድንጋይ ሲወጋ አይሰማም፣ ጫማ ሲልጥ አይሰማም። ሰው ካልሲው ላይ ደም አይቶ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ማታ ማታ እግር ታጥቦ፣ በጣቶች መሐል ደርቆ፣ ውስጥ እግሩ ጭምር ይታያል። ጎንበስ ማለት ያቃተው በመስታወት ይይ፣ ወይ ልጁ ትይለት። የሚታጠብበት ውኃ በእግር ሳይሆን በክርን ይፈተን። ከሰል አጠገብ እግር መሞቅ ክልክል ነው። ብዙ ቁስል የሚጀምረው እዚያ ነው። ቁስል ካለ ጨው ውኃ እየነከሩ መጠበቅ የለም፣ በማግስቱ ሐኪም ቤት።

ስትሪፕ ውድ ነው፣ መቼ ልለካ?

ብዙ ሰው ያለችውን ጥቂት ስትሪፕ፣ ማለትም መለኪያው ላይ የምትሰካውን ደም የሚነካባትን ቁራጭ፣ ሁሉ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጨርሳታል። ያ የቀኑን አንድ ጥግ ብቻ ነው የሚያሳየው። ጠዋት ከ80 እስከ 130 የሆነ ሰው ማታ 250 ሊሆን ይችላል። ሰዓቱን ማፈራረቅ ይሻላል። አንድ ቀን ከቁርስ በፊት፣ ሌላ ቀን ከራት በፊት፣ ሌላ ቀን ከመተኛት በፊት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሙሉ ቀኑ ይታያል። ከመለካት በፊት እጅ ይታጠብ፣ ብርቱካን የነካ ጣት ቁጥሩን ያሳድጋል። የጣት ጫፉ ሳይሆን ጎኑ ይወጋ፣ ሕመሙ ያንሳል።

ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ ሲገኝ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ያሳያል። ለብዙ አዋቂዎች ከ7 በመቶ በታች ጥሩ ነው። ለቀጠሮው ቀን ብሎ ሳምንቱን የጾመ ሰው እዚህ ላይ ይያዛል።

ዘመድ ከውጭ የላከው መለኪያ 7 አለኝ፣ ወርዶ ነው?

አይደለም። ኢትዮጵያና አሜሪካ ስኳርን በሚሊ ግራም ይለካሉ። እንግሊዝ፣ ካናዳና ስዊድን ሚሊ ሞል በሚባል ሌላ መለኪያ ይጠቀማሉ። ከዚያ የመጣ ማሽን 7 ካለ በ18 ይባዛል፤ 126 ነው። 3.9 ካለ 70 ማለት ነው፣ እሱ ነው መፍራት ያለብን። ቁጥሩን ለሐኪም ስትናገሩ የማሽኑን መለኪያ አብራችሁ ንገሩ።

ለሚልኩትም፦ ስትሪፕ የሚሠራው ከራሱ ማሽን ጋር ብቻ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የማሽኑን ፎቶ አስልኩ። በሲሪንጅ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አብዛኛው ኢንሱሊን በሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ነው፣ ሲሪንጁም 100 የሚል መሆን አለበት። ብዙ ጊዜ ክዳኑ ብርቱካንማ ነው። 40 የተባለው፣ ክዳኑ ቀይ የሆነው፣ ለሌላ ዓይነት ኢንሱሊን ነው። በእሱ 20 ብሎ የሳበ ሰው 50 ዩኒት ወግቷል ማለት ነው።